በስምንት አባዙ፣ አንድ ደምሩ

መምህርት ረምላ ይማም ሰው አለመሆኗን ያወቀችው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ደሴ ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ነው። አውራ ጣቷን መፈረሚያው ላይ አሳረፈች። መፈረሚያው ትንሽ ቆየና፣ «ይህ ቁጥር የሰው አይደለም። እባክዎ የንብረቱን ባለቤት ይጥሩ» አላት። በትሕትና ነው ያላት። እነዚህ ዕቃዎች ሁልጊዜ በትሕትና ነው የሚናገሩት፤ አንድ ቀን እንኳ ቢቆጡ ለሰው ይቀለው ነበር።

ጣቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ደገመች። ያው ነው። የግራ እጇን ሞከረች። ያው ነው። ከኋላዋ የቆመች ነርስ፣ «እትዬ፣ ጣትዎ ደርቆ ይሆናል፤ እስቲ ያርጥቡት» አለቻት። አረጠበችው። «ይህ ቁጥር የሰው አይደለም።»

ከበሩ ወዲያ ባሏ እንድሪስ ተኝቷል። ባለፈው ሳምንት የውሃ ታንከሩን ሊጠግን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ለሦስት ቀን «ምንም አልሆንኩም፣ አታካብጂው» ሲላት ከረመና እሑድ ዕለት ቁርስ ላይ ዓይን ዓይኗን እያየ ስሟን ጠየቃት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቷል። ሐኪሟ ነገሩን አላለባበሰችም፤ እስከ ዓርብ ካልወጣለት አይተርፍም፣ የቀረን ፊርማ ብቻ ነው ብላለች።

ፊርማው ደግሞ የረምላ ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም። ሰው ሲወለድ አርባ አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለ ብቸኛ ቁጥር። በሕጉ ሰው ማለት እሱ ነው። ቤት፣ መኪና፣ ሱቅ፣ የመቃብር ቦታ ደግሞ የባለቤቶቹ ቁጥር እርስ በርሱ ተባዝቶ የሚወጣው ነው። ማታ ወደ ቤትህ ስትገባ በሩ የቤቱን ቁጥር በቁጥርህ ያካፍላል፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ይከፈታል፣ ቀሪ ካለ ደጅ ትቀራለህ። ትዳርም ቁጥር አለው፤ የሷ ሲባዛ በሱ። ከሁለቱ አንዱ ራሱን ሲስት የሚፈርምለት ያንን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል ሰው ብቻ ነው። ልጃቸው ከሐዋሳ በርራ ብትመጣ እንኳ አትፈርምም፤ የልጅ ቁጥር የወላጆቿን ትዳር አያካፍልም። ያቺ የምታካፍለው አንዲት ሰው ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሰው አይደለችም ተባለ።

የቁጥር ጽሕፈት ቤት በእግሯ ሄደች፤ ሚኒባሱ አላሳፍርም አላት። ያለ ባለቤት የሚጓዝ ዕቃ አይጫንም። ስልኳም መንገድ ላይ በራሱ ተዘጋ። ዕቃ ስልክ ምን ያደርግለታል?

አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ተራ የሚያሳየው ስክሪን ከተበላሸ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዘበኛው ግድግዳው ላይ ባለ ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ እየጻፈ ነው የሚጠራው። ከቀትር በኋላ ስድስተኛው መስኮት ላይ ደረሰች። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠው ኃላፊ አቶ ሚልኪያስ በላይነህ ይባላል፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ቁጥርዎ ተከፋይ ነው» አላት።

«ምን ማለት ነው ተከፋይ?»

«ብቸኛ አይደለም ማለት ነው። ባለፈው ወር አዲስ መፈተሻ ገብቷል። የድሮው በሁለት ብቻ ነበር የሚፈትነው። አዲሱ በሁለትም፣ በሦስትም፣ በአምስትም እያለ አርባ ጊዜ ይፈትናል። የእርስዎ በሁለት አልፎ በሦስት ወድቋል።»

ረምላ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ ያላት ገባት። ፈተናው ማካፈል አይደለም። ሁለትን ደጋግሞ በራሱ እያባዙ በቁጥሩ ሲያካፍሉት የሚተርፈውን ማየት ነው። ብቸኛ ቁጥር ሁልጊዜ ያልፋል። ችግሩ፣ አንዳንድ አጭበርባሪ ተከፋይም አብሮት ሾልኮ ያልፋል። ለዚህ ነው ደጋግሞ መፈተን ያስፈለገው። ደሴ ግን እሷ ስትወለድ የመዝገብ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ አንዴ ፈትነው «አልፏል፣ ቀጥል» ይሉ ነበር ማለት ነው።

«ሥልሳ ዓመት ሙሉ ሰው ነበርኩኮ» አለች።

«አልነበሩም። አልታወቀም ነበር እንጂ» አለ አቶ ሚልኪያስ። «የፈረሙበት ሁሉ እንዳልተፈረመ ይቆጠራል። አስተማሪ ነበሩ አይደል? የፈረሙባቸው የተማሪ ውጤቶችም ይጣራሉ።»

«እሺ። ተከፋይ ነኝ እንበል። ማነው የሚያካፍለኝ?»

«አይታወቅም።»

«እንዴት ነው የማይታወቀው?»

«መፈተሻው ተከፋይ መሆንዎን ይናገራል። በማን እንደሚከፈሉ አይናገርም። የሚያካፍሉዎት ቁጥሮች የተሰጧቸው ሰዎች ባለቤቶችዎ ናቸው፤ እነሱ መጥተው ይፈርሙልዎታል።»

«የማይታወቁት ሰዎች?»

«ሲታወቁ። የማካፈያው ማሽን አንድ ነው፣ ያለውም አዲስ አበባ ነው።» ስክሪኑን በጣቱ ወደ ታች ገፋ። «የእርስዎ ተራ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ነሐሴ ላይ ይደርሳል።»

ደሟን ያፈላው እውነቱን መናገሩ ነው። ቢዋሽ ኖሮ በውሸቱ ትይዘው ነበር። አንድ ቁጥር ተከፋይ መሆኑ በአንድ ደቂቃ ይረጋገጣል፤ በምን እንደሚከፈል ግን ዕድሜ ልክ ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል። ይኼንን ራሷ በጠመኔ እየጻፈች አስተምራለች። ልጆቹ «ይገርማል!» ሲሉ አብራ ተገርማለች። ይኼው ደግሞ ዛሬ ባሏን ሊገድልባት ነው።

«ባሌ እስከ ዓርብ ነው ያለው!» ብላ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ ትሰማኛለህ? ዓርብ! አሥራ አንድ ዓመት ትለኛለህ እንዴ? ሰው አይደለሽም የምትለው እኔን ነው? ቆሜ እያናገርኩህ!»

«ዕቃም ይናገራል» አለ አቶ ሚልኪያስ በለሆሳስ፣ መስኮቱ ላይ ወዳለው መፈረሚያ እያመለከተ። ለስላቅ አልነበረም፤ የምሩን ነው። ዘበኛው ክንዷን ይዞ ወደ አግዳሚው መለሳት።

ረቡዕ በማለዳ ተመልሳ መጣች። ሌላ የምትሄድበት የለም፤ ሆስፒታሉም ትናንት ማታ አስወጥቷታል፣ ዕቃ ሕመምተኛ አያስታምምም ተብሎ። እንድሪስ ብቻውን ነው። ይህን ስታስበው ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን አዳራሹ ላይ አንከራተተች፤ ካላንከራተተች ልታለቅስ ነው፣ እዚህ ሰው ፊት ደግሞ ማልቀስ አልፈለገችም።

መጀመሪያ ያየችው የሰዎቹን ፀጉር ነው። አርባ ሰው፣ አርባ ሽበት። አንድ ወጣት የለም፣ ዘጠና የሞላው ሽማግሌም የለም። አንድ ላይ ትምህርት የጨረሱ ሰዎች ከዓመታት በኋላ የተገናኙ ነው የሚመስሉት።

አጠገቧ የተቀመጠውን ሰውዬ፣ «ወንድም፣ ዕድሜህ ስንት ነው?» አለችው። ጽጌ ይባላል፤ የሚኒባስ ሾፌር ነው። የገዛ መኪናው በሩን አልከፍትም ካለው አምስት ቀኑ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እየሄደ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ያያታል።

«ሥልሳ ሞላኝ። በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው የተወለድኩት። እዚሁ ደሴ።»

«እኔም በሃምሳ አንድ። እዚሁ።»

«እዚያ ያለችው ሴትዮም እንደዚያው ነች። ያ ባለ ካፖርቱም። ትናንት ተጠያይቀን ነበር» አለ ጽጌ። «ያንን ዓመት ምን እንደነካው እንጃ።»

ከዚያ ባጆቹን ማየት ጀመረች። ማንም ሰው ቁጥሩን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ አሥር አሥር አሃዝ በአራት መስመር። የጽጌ መጨረሻ አንድ ነው። የባለ ካፖርቱ ሦስት። የሴትዮዋ ሦስት። ከዚያ አንድ፣ አንድ፣ ሦስት። ተነሥታ አግዳሚዎቹን ዞረች፤ ሰዎቹ ዘመድ የምትፈልግ መስሏቸው ደረታቸውን ወደሷ ያዞሩላት ነበር። ብቸኛ ቁጥር በአንድም፣ በሦስትም፣ በሰባትም፣ በዘጠኝም ሊያልቅ ይችላል። ከአርባ ሰው ሃያ ያህሉ በሰባት ወይም በዘጠኝ ማለቅ ነበረበት። አንድም የለም። የሷም በሦስት ነው የሚያልቀው።

በሰባትና በዘጠኝ የማያልቁ ቁጥሮችን ረምላ አሳምራ ታውቃቸዋለች። ሰባተኛ ክፍል ስታስተምር የለስላሳ ቆርኪ ከየሱቁ እያሰበሰበች ልጆቹን ጠረጴዛ ላይ ታስደረድራቸው ነበር፤ ከላይ አንድ፣ ከሥሩ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ እየሰፋ የሚሄድ። አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። ይህ ድርድር እስከፈለገው ድረስ ቢሄድ ብዛቱ በሰባት ወይም በዘጠኝ አያልቅም። አሥራ ሦስት ረድፍ ሲሞላ ቆርኪው ዘጠና አንድ ይሆናል። ዘጠና አንድን ደግሞ በየዓመቱ ግማሹ ክፍል «ብቸኛ ነው!» እያለ ነው የሚወድቀው፤ መልኩ ብቸኛ ይመስላላ። ግን ሰባት ሲባዛ በአሥራ ሦስት ነው። አሥራ ሦስት ደግሞ የሰባት እጥፍ ሲቀነስ አንድ።

ቀስ ብላ ተቀመጠች። የአርባው ሰው ቁጥር ሁሉ እንደ ዘጠና አንድ ቢሆንስ? ለባለጉዳይ ከሚታደሉት ቅጾች አንዱን ገለበጠችና ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች።

አንድ ቁጥር በቆርኪ ይደረደር እንደሆነ ለማወቅ መንገዱ አጭር ነው፤ በስምንት ታባዛለህ፣ አንድ ትደምራለህ። የወጣው ዳግም ዘር ካለው፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው ከሆነ፣ ይደረደራል። ዘጠና አንድ በስምንት ሰባት መቶ ሃያ ስምንት፤ አንድ ሲጨመር ሰባት መቶ ሃያ ዘጠኝ፤ ሃያ ሰባት ሲባዛ በሃያ ሰባት። ሃያ ሰባት ላይ አንድ ጨምረህ ለአራት ስታካፍል ሰባት ይመጣል፤ ትንሹ አካፋይ እሱ ነው። ለዘጠና አንድ ይህን ያህል ቀላል ነው። ለአርባ አሃዝም ያው ነው፤ ረዘም ይላል እንጂ።

ስልክ ቢኖራትም አይረዳትም ነበር፤ በሰው ቁጥር ስሌት መሥራት ክልክል ስለሆነ መሣሪያ ሁሉ እምቢ ይላል። ዳግም ዘርን በእጅ ማውጣት ደግሞ ከሥርዓተ ትምህርቱ ከወጣ ሃያ ዓመቱ ነው። ያኔ ስብሰባ ላይ ተነሥታ «ነውር ነው!» ብላ ነበር፤ ስቀውባታል። ቁጥሯን በስምንት አባዝታ አንድ ደመረችና አሃዞቹን ከኋላ ጥንድ ጥንድ አድርጋ ቆረጠች። ከፊት ጀመረች። ያገኘችውን ታጥፋለች፣ አዲስ አሃዝ ትሞክራለች፣ ትቀንሳለች፣ የሚቀጥለውን ጥንድ ታወርዳለች። ሃያ አንድ እርምጃ ነው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ተሳስታ እንደገና ጀመረች። ጽጌ ወረቀት ሲያልቅባት ከመስኮት ቅጽ እያመጣ ያቀብላታል፤ ምን እየሠራች እንደሆነ አልጠየቃትም፣ ቢሆንም የሷ ተራ ሲጠራ ተነሥቶ «ትመጣለች፣ ትመጣለች» ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የመጨረሻውን ቀነሰች። ቀሪ የለም። ዜሮ።

አንድ ጨምራ ለአራት አካፈለች። በሦስት የሚጀምር፣ በዘጠኝ የሚያልቅ ሃያ አሃዝ ወጣ። እጥፉ ሲቀነስ አንድ፣ በስድስት የሚጀምር በሰባት የሚያልቅ ሌላ ሃያ አሃዝ። ሁለቱን አባዝታ አረጋገጠች። ራሷ ናት።

ደስታ አልተሰማትም። የተሰማት ንዴት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በአጋጣሚ አይወጣም፣ ለአርባ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይወጣም። አንድ ሰው ሆን ብሎ ሠርቶታል። አርባ አሃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር መፈለግ አድካሚ ነው፤ ሃያ አሃዝ ያለውን ማግኘት ይቀላል። የዚያን ዓመት ቁጥር አቅራቢው ማንም ይሁን ማን፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ እንደሚቀላቅል ነጋዴ፣ ሁለት ሁለቱን አጣብቆ፣ በሁለት ሲፈተን የሚያልፈውን መርጦ፣ ለጨቅላ ልጅ ሰውነት ነው ብሎ አስረከበ። የተቀበለውም አንዴ ቀምሶ «ቅቤ ነው» አለ። እና ከሥልሳ ዓመት በኋላ የተቀጣችው ቅቤዋ ናት!

ወረቀቱን ይዛ ሰልፉን ጥሳ ስድስተኛው መስኮት ላይ ቆመች።

«አካፋዮቼን አምጥቻለሁ» አለችው።

አቶ ሚልኪያስ ወረቀቱን ቁልቁል አየው፤ ከዚያ ወደሷ ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ፊቷን ያየው። ሁለቱን ቁጥሮች አስገባ፣ ጠበቀ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ትክክል ነው» አለ። «ሁለቱም ግን ለማንም ሰው አልተሰጡም። ሃያ አሃዝ ያለው ሰው የለም።»

«እንግዲያው ማንም የለኝም። የራሴ ነኝ።»

«አይደሉም» አለ፤ እንዲያውም ፊቱ ፈካ አለ፣ የሚረዳት መስሎት። «ባለቤት የሌለው ንብረት የመንግሥት ነው። የቅርቡ ጽሕፈት ቤት ይረከበዋል። አሁን ጉዳይዎ ቀላል ሆነ፤ የዚህ ቢሮ ንብረት ነዎት ማለት ነው፣ እኔ እፈርምልዎታለሁ።»

«አንተ? ለኔ?»

«እንደ ኃላፊ። ለባልዎ ቀዶ ሕክምና ፈቃዱን ነገ ጠዋት መላክ እችላለሁ። የንብረት ርክክብ ቅጹ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ፣ ለምልክት ያህል ነው።»

ልትተፋበት ፈለገች። ወረቀቱን ቀዳ ፊቱ ላይ ልትበትነው ፈለገች። ዛሬ ረቡዕ መሆኑን አስታወሰችና ጣቷን አሳረፈች። አቶ ሚልኪያስ ከመሳቢያው አንድ ትንሽ ቢጫ ተለጣፊ አወጣ፤ የቢሮው ወንበሮች፣ ቁም ሣጥኖችና ማራገቢያዎች ጎን ላይ ያለው ዓይነት፣ የንብረት መለያ ቁጥር የታተመበት ነው። በመስታወቱ ቀዳዳ እጁን አውጥቶ ባጇ ላይ ለጠፈላት። ጎንበስ ሲል የሱ ባጅ ከፊቷ ሆነ። የመጨረሻው አሃዝ አንድ ነበር።

«አቶ ሚልኪያስ፣ የት ነው የተወለዱት?» አለችው።

«እዚሁ ደሴ። ምነው?»

«በስንት?»

«በሃምሳ አንድ» አለ፤ ማኅተሙን እየመታ። «ይሂዱ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ዝግጁ ይሆናል።»

በአንድ የሚያልቅ ብቸኛ ቁጥርማ ሞልቷል። ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ረምላ አመስግናው ሄደች። አዎ፣ አመሰገነችው።

ሐሙስ መፈረሚያው፣ «የንብረቱ ባለቤት ፈቅዷል። እናመሰግናለን» አለና በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ተለጣፊውን አይታ ዓይኗን ሰበር አደረገች፣ ሥራዋን ሠራች። ዓርብ ከሰዓት እንድሪስ ዓይኑን ገለጠ። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየ።

«ረምላ» አለ።

ያኔ አለቀሰች። እስክትጠግብ አለቀሰች፣ እሱም እጇን ያዘ። ሲበቃት ዓይኑ ደረቷ ላይ አረፈ።

«ይኼ ቢጫ ምንድነው?»

«ወንበር ሆኛለሁ» አለችው። እንድሪስ ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን አየና ተወው። አንድ በአንድ ነገረችው፤ ስለ ቆርኪው፣ ስለ ዜሮው፣ ስለ ርክክቡ፣ ስለ ሚልኪያስ ባጅ።

«ሰውዬው ያውቃል?»

«ምኑን ያውቃል! ለማወቅም አልሞከረም። ሞክሮ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ረጋ ብሎ አይለጥፍብኝም ነበር።»

«እኔ እንደሆንኩ ድኛለሁ» አለ እንድሪስ፤ ድምፁ ገና ደካማ ነው። «ፊርማው ቢሻር እንኳ ከጭንቅላቴ ያወጡትን ደም መልሰው አይከቱብኝም። አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ?»

ሰኞ ጠዋት ረምላ አዳራሹ ገባች። አግዳሚዎቹ ሞልተው ሰዉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አሁን መቶ ይሆናሉ። ሰሌዳው ላይ ዘበኛው የጻፈው የተራ ቁጥር አለ። በመዳፏ አጠፋችው። ዘበኛው «እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ሲል ጠመኔውን ከእጁ ተቀበለችው፣ ሠላሳ አራት ዓመት ከተማሪ እጅ ዕቃ ስትቀበል እንደኖረችው። ሰውዬው ሰጣት።

«በሃምሳ አንድ ደሴ የተመዘገበ እጁን ያውጣ» አለች።

ድምፅዋ ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ድምፅ ነው፤ መጨረሻ ወንበር ድረስ ይሰማል። እጆች ወጡ። ሁሉም ማለት ይቻላል።

«ስልካችሁን ተዉት፣ የሰው ቁጥር አያሰላም። እርሳስ አውጡ። የሌላችሁ ተዋሱ። ዳግም ዘር በእጅ ማውጣት በኛ ዘመን ያልተማረ የለም፤ ረሳሁ የሚል ሰው አልሰማም፣ ሰሌዳው ላይ እሠራላችኋለሁ።» ዘጠና አንድ ብላ ጻፈች። «ብቸኛ ነው የሚል?» ግማሹ አዎ አለ። እንደዚያ ተናድዳ እንኳ ልትስቅ ምንም አልቀራት። «ቁጭ በሉና ተመልከቱ። በስምንት አባዙ። አንድ ደምሩ።»

አቶ ሚልኪያስ ከመስታወቱ ኋላ ቆመ። «መምህርት፣ ይህ ክልክል ነው! በሰው ቁጥር ማስላት ክልክል ነው!»

«እኛኮ ሰው አይደለንም» አለች ሳትዞር። «ወንበር በወንበር ቁጥር ቢያሰላ የትኛው ሕግ ነው የሚከለክለው?»

አዳራሹ ሳቀ። የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። ጽጌ ጉልበቱ ላይ ካርቶን አድርጎ ጥንድ ጥንዱን መቁረጥ ጀምሯል።

«የዚያን ዓመት ቁጥር አቅራቢ ሁለት ሁለት እያጣበቀ ነው የሸጠን» ቀጠለች። «ቁጥሩ በአንድ ወይም በሦስት የሚያልቅ፣ በሃምሳ አንድ የተወለደ፣ እዚህ ደሴ የተመዘገበ ማንም ቢሆን ይሞክረው። መጨረሻ ላይ ቀሪ ከተረፈው፣ ሰው ነው፣ ወደ ቤቱ ይሂድ። ወንበር ላይ ለተቀመጠውም፣ ከመስታወት ኋላ ለተቀመጠውም ነው የምናገረው።»

ስሙን አልጠራችም። አላስፈለገም። አቶ ሚልኪያስ ዘበኛውን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አገጩን ደረቱ ላይ ደፍቶ የገዛ ባጁን አየ። መስኮቱን ዘጋ፣ መጋረጃውን ግን አልሳበም። ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ።

አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። የእርሳስ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። በየመሀሉ አንዱ «ዜሮ!» ይላል፣ ሌላው «እኔም ዜሮ!» ይላል፣ አንዲት ሴት ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተቀመጠች። ረምላ በየአግዳሚው መሀል እየተዘዋወረች ታርማለች። «እዚህ ጋ መቀነሱን ረስተሃል። እጥፉን ውሰጂ፣ እጥፉን!» ንዴቷ አልበረደም። ሥራ ስላገኘ ነው የረጋው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ወደ ስድስተኛው መስኮት ሄደች። አቶ ሚልኪያስ ቀና አላለም። የተተኮሰው ሸሚዙ ብብቱ ሥር ረጥቧል። ከፊቱ ያለው ወረቀት በንጹሕ ጽሕፈት የተሞላ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ እንደነበር ያስታውቃል፣ አንዲት ስርዝ የለበትም። ሃያ አንዱንም እርምጃ ጨርሷል። የመጨረሻው መስመር ሥር በእርሳስ ደጋግሞ ያከበባት ዜሮ አለች።

ከጀርባው መደርደሪያው ላይ የፈረመባቸው መዝገቦች ተቆልለዋል፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ፊርማ። ረምላን የተረከበበት ቅጽም እዚያው ከላይ ነው። ተከፋይ የፈረመው እንዳልተፈረመ ይቆጠራል፤ ሕጉን የነገራት ራሱ ነው።

ቢጫውን ተለጣፊ ከባጇ ላይ ልጣ አነሣችው። መስታወቱ ላይ ልትለጥፍበት ነበር ያሰበችው፣ ከዓርብ ጀምሮ ስትመኘው የሰነበተችው ይኼንን ነው። ጣቷ ላይ ተጣብቆ ቆየ። ከዚያ ጨምድዳ ወለሉ ላይ ጣለችውና ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ አለች።

«ቀና በል» አለችው፣ ለተማሪ እንደሚባለው። «ሥራህ ልክ ነው። አሁን ንገረኝ ሚልኪያስ፤ ላንተ ማን ይፈርምልሃል?»